«ተመለሱ፣ ግብሩን እንተውላችኋለን»፦ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ማበረታቻ ሲመነዘር

አንድ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ለቆ ወደ ተወለደበት ገጠር እንዲመለስ ምን ያህል ገንዘብ ቢሰጠው ይበቃዋል? ጥያቄው ለቀልድ የተነሳ ይመስላል። ይሁንና በአሜሪካ የበርካታ ክፍለ ግዛቶች ምክር ቤቶች ሕግ አውጥተውና በጀት መድበው ሊመልሱት የሞከሩት ጥያቄ ነው። አንዳንዶቹ ለተመላሹ የገቢ ግብሩን ተዉለት፣ ሌሎቹ የትምህርት ብድሩን ተጋሩት፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የዕቃ ማጓጓዣውን ወጪ ከፈሉለት። ሦስቱም መንገዶች በወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ወደ ሂሳብ ሲመነዘሩ ግን የሚያስገኙት ጥቅም እጅግ ይለያያል።

ጉዳዩ የሚመለከተው አሜሪካ ለሚኖረው ሰው ብቻ አይደለም። የግብር ማበረታቻ የሚሰጥበትን ማንኛውንም ውል ወይም ሕግ ማንበብ የሚፈልግ ነጋዴና ባለሀብት ከካንሳስ፣ ከሜይንና ከቨርሞንት የሚቀስመው ትምህርት አለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት የአሜሪካ ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ሰው የጎደለበት አገር

ካንሳስ በአሜሪካ መካከለኛ ስፍራ የምትገኝ የስንዴና የከብት አገር ናት። በ1862 የወጣው የፌዴራል መንግሥት የመሬት ሕግ መጥቶ ለሚሠፍርና ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ስለነበር ሰዉ ወደዚያ ጎረፈ። በመቶ ዓመት ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ትራክተርና ኮምባይነር ብዙ ሰው ያርሰው የነበረውን መሬት ጥቂት ሰው እንዲያርሰው አደረጉ። እርሻዎች እየተጠቃለሉ ሲሄዱ የገበሬው ቁጥር አነሰ። ገበሬው ሲያንስ የሱቁ ደንበኛ አነሰ፣ ሱቁ ሲዘጋ የትምህርት ቤቱ ተማሪ አነሰ። ኮሌጅ የገባው ወጣትም በዚያው ቀረ።

ካንሳስ 105 ካውንቲዎች አሏት። ካውንቲ በኢትዮጵያ ወረዳ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን ነው። በ2011 በአገረ ገዥው ሳም ብራውንባክ ዘመን የወጣው ሕግ ከእነዚህ መካከል ሕዝባቸው የተመናመነባቸውን 50 ካውንቲዎች «የገጠር ዕድል ቀጠና» ብሎ ሰየማቸው። ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ በ2021 ማሻሻያ 95 ደረሰ። በሌላ አነጋገር በአሥር ዓመት ውስጥ ልዩ ድጋፍ የሚያገኘው ስፍራ ከክፍለ ግዛቷ ግማሽ ገደማ ተነስቶ ሁሉንም ሊያዳርስ ጥቂት ቀረው።

ስጦታው ሁለት ነበር። አንደኛው ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣ ሰው እስከ 5 ዓመት ድረስ የካንሳስን የገቢ ግብር ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ማካካሻ ነው። ሁለተኛው በ5 ዓመት እስከ 15,000 ዶላር፣ ማለትም በዓመት እስከ 3,000 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ብድር ክፍያ ሲሆን ወጪውን ክፍለ ግዛቱና ካውንቲው ወይም አሠሪው ይጋሩታል።

ሦስት ቃላት፣ ሦስት ዋጋ

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት በገበያ ላይ ዘወትር የሚምታቱ ሦስት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ተቀናሽ ነው። ተቀናሽ የሚነሳው ከግብሩ ላይ ሳይሆን ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ነው። አንድ ሰው ግብር የሚከፈልበት 40,000 ዶላር ገቢ አለው፣ የግብሩም መጣኔ ለስሌት እንዲያመች 5 በመቶ ነው እንበል። ግብሩ 2,000 ዶላር ይሆናል። የ2,000 ዶላር ተቀናሽ ቢፈቀድለት ገቢው 38,000፣ ግብሩም 1,900 ይሆናል። ያተረፈው 100 ዶላር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማካካሻ ወይም በእንግሊዝኛ አጠራሩ ታክስ ክሬዲት የሚባለው ነው። ይህ በቀጥታ ከግብሩ ላይ ይነሳል። ያው ሰው የ2,000 ዶላር ማካካሻ ቢያገኝ ግብሩ ዜሮ ይሆንና 2,000 ዶላር ኪሱ ውስጥ ይቀራል። በሁለቱ ቃላት መካከል በዚህ ምሳሌ የሃያ እጥፍ ልዩነት አለ።

ሦስተኛው ተመላሽ የሚሆን ማካካሻ ነው። አነስተኛ ገቢ ያለው ሌላ ሰው የሚፈለግበት ግብር 1,200 ዶላር፣ የተፈቀደለት ማካካሻ ደግሞ 2,500 ዶላር ነው እንበል። ማካካሻው ተመላሽ ካልሆነ ሰውየው 1,200 ዶላሩን ይድናል፤ ቀሪው 1,300 ዶላር ይተናል። ተመላሽ ከሆነ ግን 1,300 ዶላሩ በቼክ ይላክለታል። ግብር የማይደርስበት ሰው ተመላሽ ያልሆነ ማካካሻ ተሰጠው ማለት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

የካንሳሱ ማካካሻ ከግብሩ ጋር እኩል የሚሆን ነው። ከዚህ የተነሳ የሚጠቅመው በገቢው መጠን ነው። ብዙ ደመወዝ ያለው ሐኪም ብዙ ያተርፋል፤ በአነስተኛ ደመወዝ የሚቀጠር የአረጋውያን ተንከባካቢ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ገጠሩ አጥብቆ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው፤ ማካካሻው ግን የሚናገረው ለአንደኛው ይበልጥ ጎላ አድርጎ ነው።

በትንንሽ ፊደል የተጻፈው

የካንሳስ ማስታወቂያ «አምስት ዓመት ያለ ገቢ ግብር» የሚል ነበር። የሕጉ አንቀጾች ግን ማስታወቂያው የማይነግራቸው ቅድመ ሁኔታዎች ነበሯቸው።

ተመላሹ ከመምጣቱ በፊት 5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከካንሳስ ውጪ የኖረ መሆን አለበት። በእነዚያ ዓመቶችም ከካንሳስ ያገኘው ገቢ በዓመት ከ10,000 ዶላር በታች መሆን አለበት። እንግዲህ ለአራት ዓመት ትምህርት ወደ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ሄዶ የተመረቀ የገበሬ ልጅ በተመረቀበት በጋ ወደ ወላጆቹ ቢመለስ የአምስት ዓመቱን ገደብ ስላልሞላ ማካካሻው አይደርሰውም። በክፍለ ግዛቷ ትልቅ ከተማ በዊቺታ ሲኖር የቆየ ሰውም ወደ ገጠር ቢመለስ ቀድሞም የካንሳስ ነዋሪ ስለሆነ አያገኝም። ለእነዚህ ሰዎች የሚተርፈው የትምህርት ብድሩ ክፍያ ነው።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ማካካሻው የሚጠየቀው ሰውየው ዓመቱን ሙሉ በቀጠናው ውስጥ ለኖረበት የግብር ዓመት ነው። በመጋቢት የገባ ሰው በዚያ ዓመት ግብሩን ይከፍላል፤ ጥቅሙ የሚጀምርለት በተከታዩ ዓመት ነው። በተጨማሪም የተተወው የገቢ ግብር ብቻ ነው። የሽያጭ ታክስ፣ የቤትና የመሬት ግብር እንዲሁም የፌዴራል መንግሥቱ የገቢ ግብር ባሉበት ይቀጥላሉ። ለክፍለ ግዛት የከፈለውን ግብር በፌዴራሉ ሂሳብ ላይ በተቀናሽ ሲያስይዝ ለነበረ ሰው ደግሞ የአንዱ መቅረት የሌላውን ተቀናሽ ስለሚያሳንስ ትርፉ በዚያው መጠን ይሸረፋል።

መንግሥት በራሱ ማበረታቻ ላይ ሲረማመድ

ካንሳስ ለነጋዴ ትልቁን ትምህርት የምትሰጠው ቀጥሎ በሆነው ነገር ነው። የገጠር ዕድል ቀጠናው በ2012 መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል የካንሳስ ከፍተኛ የገቢ ግብር መጣኔ 6.45 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛቷ ለሁሉም ነዋሪ ሰፊ የግብር ቅነሳ አወጀች። ከፍተኛው መጣኔ በ2013 ወደ 4.9፣ በ2015 ደግሞ ወደ 4.6 በመቶ ወረደ። በሽርክና፣ በግል ንግድና ኃላፊነቱ በተወሰነ አነስተኛ ድርጅት የሚገኝ የንግድ ትርፍም ከክፍለ ግዛቱ የገቢ ግብር ነፃ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ለገጠር ተመላሽ የተሰጠው ልዩ ጥቅም ምን ሆነ? ሕጉ አንድ ፊደል ሳይነካ ዋጋው ወረደ። ግብሩ ለሁሉም ሲቀንስ ከግብር ነፃ የመሆን ብልጫ አብሮ ይቀንሳል። በተለይ ወደ ገጠር ተመልሶ ሱቅ ወይም ጋራዥ ሊከፍት ያሰበ ሰው የንግድ ትርፉ በየትኛውም ከተማ ቢሠራ ከግብር ነፃ ስለነበር ቀጠናው ለዚያ ትርፍ የሚጨምርለት አልነበረም።

የግብር ቅነሳው በበጀት ላይ ያስከተለው ጉድለት ከባድ ስለሆነ ምክር ቤቱ በ2017 የአገረ ገዥውን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ ሽሮ አብዛኛውን ቅነሳ ሰረዘ። የንግድ ትርፍ ነፃነቱ ቀረ፤ ከፍተኛው መጣኔ በ2018 ወደ 5.7 በመቶ ተመለሰ። የገጠሩ ማካካሻም ዋጋው መልሶ ከፍ አለ። የማበረታቻ ዋጋ በራሱ በማበረታቻው ሕግ ብቻ እንደማይወሰን፣ በጎኑ በሚወጡ ሌሎች ሕጎችም እንደሚወጣና እንደሚወርድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሜይን፦ ብድሩን መጋራት

በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የምትገኘው ሜይን ችግሯ ከካንሳስ ይመሳሰላል። የነዋሪዎቿ መካከለኛ ዕድሜ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ወጣቱ ተምሮ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ይቀራል።

ሜይን የመረጠችው መንገድ ግን ሌላ ነው። በ2007 በወጣና ከ2008 ጀምሮ በተሠራበት ሕግ መሠረት በሜይን ኮሌጅ ተመርቆ በዚያው እየኖረ የሚሠራ ሰው ለትምህርት ብድሩ የሚከፍለውን ገንዘብ በተወሰነ ጣሪያ ከገቢ ግብሩ እንዲያካክስ ተፈቀደለት። ሐሳቡ ብልሃት ነበረው። ወጣቱን ከትውልድ ቦታው የሚያርቀው አንዱ ምክንያት ዕዳው ነውና በትልቅ ከተማ ከፍ ያለ ደመወዝ ፍለጋ የሚወጣበትን ግፊት ከሥሩ ለመንካት የታሰበ ነው።

ነገር ግን የመጀመሪያው ሕግ የሚጠቅመው በሜይን የተማረውን ብቻ ስለነበር ወጥቶ የተማረውን የራሷን ልጅ «ተመለስ» የሚል ቃል አልነበረውም። እንዲያውም ከሁሉ በፊት መጠራት የነበረበት እርሱ ነው። ይህ ከ2016 የግብር ዓመት ጀምሮ ተስተካክሎ ከሌላ ክፍለ ግዛት የተመረቀውም እንዲካተት ሆነ። ሆኖም ስሌቱ እንደ ተመረቀበት ዓመት፣ እንደ ኮሌጁና እንደ ትምህርቱ ዓይነት ስለሚለያይ ተራው ሰው ብቻውን የሚሠራው አልነበረም። ማካካሻው ተመላሽ የሚሆነውም ለተወሰኑ ተመራቂዎች፣ በተለይም ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ ላጠኑት ነበር።

ከ2022 የግብር ዓመት ጀምሮ ሜይን ይህን ሁሉ በአንድ ቀላል ሕግ ተካችው። በሜይን እየኖረ ሠርቶ ብድሩን የሚከፍል ተመራቂ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር፣ በዕድሜ ዘመኑ በድምሩ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ተመላሽ የሚሆን ማካካሻ ያገኛል። በየትኛው ክፍለ ግዛት ተማረ፣ ምን አጠና የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ተባለ። ግብሩ ጥቂት የሆነ ጀማሪ መምህርም ከከፍተኛ ተከፋይ መሐንዲስ ጋር እኩል 2,500 ዶላር የማግኘት ዕድል አለው። በአሥራ አራት ዓመት ልምድ የተገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው ሊያሰላው የማይችለው ማበረታቻ ውሳኔውን አያስለውጠውም።

ቨርሞንት፦ እጅ በእጅ

ቨርሞንት በ2018 ባወጣችው ሕግ ግብሩን ትታ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሄደች። ከ2019 ጀምሮ ወደ ቨርሞንት ተዛውሮ ከቤቱ ሆኖ በሌላ ክፍለ ግዛት ላለ ድርጅት ለሚሠራ ሰው የዕቃ ማጓጓዣ፣ የኮምፒዩተርና የኢንተርኔት ወጪውን በዓመት እስከ 5,000፣ በድምሩ እስከ 10,000 ዶላር ለመተካት ቃል ገባች። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ሕጉ ለሦስት ዓመት የመደበው ገንዘብ ግን 500,000 ዶላር ነበር። እያንዳንዱ አመልካች ሙሉውን ቢወስድ የሚዳረሰው ለ50 ሰዎች ብቻ ነው። በዚህ አንጻር ሲታይ ቨርሞንት የገዛችው ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ስሟ እንዲነሳ የሚያደርግ ማስታወቂያም ነው።

የጥሬ ገንዘብ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የሚደርሰው ሰውየው ወጪ ባወጣበት ሰሞን እንጂ ከዓመት በኋላ ግብር ሲያሳውቅ አይደለም። ጉዳቱም ግልጽ ነው። የተመደበው ሲያልቅ ያልቃል፤ ዘግይቶ የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የግምጃ ቤቱ ሂሳብ

ከመንግሥት ወገን ሲታይ የማበረታቻው ትልቁ ጠላት «ያለዚያም ይመጣ የነበረው» ሰው ነው። የእናቱን ቤት ወርሶ የሚመለስ፣ የአባቱን እርሻ የሚረከብ፣ በትዳር ምክንያት የሚመጣ ሰው ማካካሻ ባይኖርም ይመጣል። ማካካሻው ሲኖር ግን ወረቀቱን ሞልቶ ይወስዳል።

በምሳሌ ይታይ። መቶ ሰዎች መጡና እያንዳንዳቸው በዓመት 2,000 ዶላር ለ5 ዓመት ተተወላቸው እንበል። ጠቅላላ ወጪው 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። በማካካሻው ምክንያት የመጡት 80 ከሆኑ እያንዳንዱ ተመላሽ የፈጀው 12,500 ዶላር ነው። በማካካሻው ምክንያት የመጡት 20 ብቻ ከሆኑና ሰማንያው ያለዚያም ይመጡ የነበሩ ከሆነ ግን የእያንዳንዱ ዋጋ 50,000 ዶላር ይደርሳል። ወጪው አንድ ነው፤ የተገዛው ዕቃ ግን ይለያያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ይህን ያህል ሰው ተጠቅሟል» ብለው የሚያወጡት ቁጥር መቶውን እንጂ ሃያውን አያሳይም።

ከሰውየው ወገንም ሂሳብ አለ። ግብር የሚከፈልበት 60,000 ዶላር ገቢ ያለው ሰው በ5 በመቶ መጣኔ የሚድነው በዓመት 3,000 ዶላር ነው። በገጠሩ የሚያገኘው ደመወዝ ከከተማው በ8,000 ዶላር የሚያንስ ከሆነ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ሥራ ካጣ፣ 3,000 ዶላሩ ጉድለቱን አይሞላውም። የቤት ኪራይ በገጠሩ በወር 700 ዶላር ቢቀንስለት ግን በዓመት 8,400 ዶላር ይድናል፤ ሳበው የሚባለው ያ እንጂ ግብሩ አይደለም። ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ሁለት የሕዝብ ቆጠራዎች መካከል የአብዛኞቹ የካንሳስ ካውንቲዎች ሕዝብ መቀነሱም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። ማካካሻው ሊመጣ ያሰበውን ያፈጥነዋል፤ ሥራ፣ ቤት፣ ክሊኒክና የሕፃናት ማቆያ በሌለበት ግን ያላሰበውን አያመጣውም።

ኢትዮጵያውያን የት ይቆማሉ?

በአሜሪካ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህን ሂሳብ የሚሠራው በሚኖርበት ክፍለ ግዛት መጠን ነው። በሲያትል፣ በዳላስና በላስ ቬጋስ የሚኖሩት የዋሽንግተን፣ የቴክሳስና የኔቫዳ ነዋሪዎች በደመወዛቸው ላይ የክፍለ ግዛት ገቢ ግብር የለባቸውም። ለእነርሱ የካንሳስ ዓይነት ነፃነት ያላቸውን መልሶ መስጠት ነው፤ አምስቱ ዓመት ሲያልቅም ቀድሞ ያልነበረባቸውን ግብር መክፈል ይጀምራሉ። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሚኒሶታ የሚኖሩት ግን ግብሩ ስላለባቸው ለእነርሱ ቁጥሩ ትርጉም ይኖረዋል።

በኢትዮጵያም «ተመለሱ» የሚለው ጥሪ የራሱ ታሪክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ሲጀመር ዋናው ስጦታ መብት ነበር፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መነገድ። ከዚህ ሌላ በኢንቨስትመንት ሕጎች ሁለት ዓይነት ማበረታቻዎች ሲሰጡ ኖረዋል። አንዱ ለካፒታል ዕቃዎች የሚሰጥ የቀረጥ ነፃ መብት፣ ሌላው እንደ ዘርፉና እንደ ቦታው የሚሰጥ የትርፍ ግብር እፎይታ ነው።

የካንሳስ ትምህርት እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። የግብር እፎይታ ማለት ሊከፈል የነበረ ግብር ቀረ ማለት ነው። አዲስ ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች የሚያመርተው ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ስለሆነ በእነዚያ ዓመቶች የሚቀርለት ግብር የለም። ትርፍ ማግኘት ሲጀምር እፎይታው አልቆ ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን ግን ድርጅቱ አትርፎም ሆነ ከስሮ ጥቅሙ ከጉምሩክ መጋዘን በወጣበት ቀን ተገኝቷል። አንዱ ተመላሽ እንዳልሆነ ማካካሻ፣ ሌላው እጅ በእጅ እንደ ተሰጠ ገንዘብ ነው።

ከመፈረም በፊት

ማናቸውም «ወደዚህ ና፣ ግብር ይቀርልሃል» የሚል ጥሪ የደረሰው ሰው አምስት ጥያቄዎችን በተራ ቢያነሳ ይበጀዋል።

1ኛ. የቀረው ከገቢው ላይ ነው ወይስ ከግብሩ ላይ? ከግብሩ ላይ ከሆነ፣ የሚፈለግብኝ ግብር ከማካካሻው ቢያንስ ትርፉ ይመለስልኛል ወይ?

2ኛ. ያለ ማበረታቻው ምን ያህል ግብር እከፍል ነበር? መልሱ ትንሽ ከሆነ ማበረታቻውም ትንሽ ነው።

3ኛ. መቁጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው? ከገባሁበት ቀን፣ ከተከታዩ የግብር ዓመት ወይስ ከመጀመሪያው ትርፍ?

4ኛ. መብቱ የሚቋረጠው በምን ምክንያት ነው? አድራሻ ብለውጥ፣ ሥራ ብቀይር፣ ድርጅቱን ብሸጥ ምን ይሆናል?

5ኛ. ማበረታቻው ባይኖር ኖሮ ይህን ቦታ እመርጠው ነበር ወይ?

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ማበረታቻው ምርቃት ነው፤ ተቀብሎ ማመስገን ነው። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ግን ሰውየው የሚዛወረው ለአምስት ዓመት ሂሳብ መሆኑን አውቆ በስድስተኛው ዓመት የት እንደሚሆን ከወዲሁ ማስላት ይኖርበታል።